ሙሾ ያልወረደለት

እናቴ ከአዲስ አበባ ወደ ቨርጂኒያ በመጣች በአሥረኛው ዓመት ገደማ እንቅልፍ እየራቃት፣ ደረቷንም እየወጋት ከሐኪም ሐኪም ስንዞር ቆየን። በመጨረሻ ልቧ ጤነኛ መሆኑን በመሣሪያ ያረጋገጠ አንድ ሐኪም የስደተኞችን የመንፈስ ጭንቀት ወደሚከታተል ክፍል መራን። በዚያም ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሴቶች በሳምንት አንድ ቀን በጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው በሥዕል፣ በዜማና በእንቅስቃሴ ሐዘናቸውን እንዲገልጹ የሚረዱበት ጉባኤ ነበር። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ከጎኗ ተቀመጥኩ። የጉባኤው መሪ ገና ልጅ እግር፣ ልቧም ቅን የሆነች ሴት ነበረች። ለእያንዳንዱ ሰው ነጭ ወረቀትና አንድ ሣጥን ባለቀለም እርሳስ ካደለች በኋላ «የሚያሳምማችሁን ነገር ሣሉ» አለች። ቃሏን ወደ አማርኛ መለስኩት። እናቴ ወረቀቱን አየችው፤ እርሳሱን አየችው፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ልጄ፣ በስተርጅና ፊደል ልታስቆጥሪኝ ነው?» አለችኝ።

መሪዋ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። «በማሰብ ላይ ናት» ብዬ መለስኩ።

የእናቴን ነገር ለባዕድ ሰው አጣምሜ ስተረጉም ያ የመጀመሪያዬ አልነበረም። የመጀመሪያውን በቦታው እናገረዋለሁ።

የዚያን ዕለት ወረቀቱ ነጭ እንደ ሆነ ቀረ። እናቴም ወደዚያ ቤት ዳግመኛ እንዳልወስዳት ለመነችኝ። ለሴትዮዋ ሙያ ግን ንቀት አላደረብኝም፤ እንዲያውም ነገሩ ከንክኖኝ መጻሕፍት ማገላበጥ ያዝኩ። በምዕራቡ ዓለም ኪነ ጥበብን ለፈውስ ማዋል ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ የተደራጀው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። አድሪያን ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ በሳንባ ነቀርሳ ተይዞ በመታከሚያ ቤት ሳለ ሥዕል እንደ ረዳው ተመልክቶ ለሌሎች ሕሙማን ማስተማር ጀመረ፤ «የሥዕል ሕክምና» የሚለውንም ስያሜ በ1942 እ.ኤ.አ. ያወጣው እርሱ እንደ ሆነ ይነገራል። በ1970ዎቹ ደግሞ በማሳቹሴትስ፣ ኬምብሪጅ ከተማ በሚገኘው ሌዝሊ ኮሌጅ ሥዕልን፣ ሙዚቃን፣ ውዝዋዜን፣ ድራማንና ግጥምን ባንድነት ለሕክምና የሚያውል ትምህርት ተከፈተ። በ1986 እ.ኤ.አ. ጄምስ ፔኔቤከር የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ ከአንዲት ባልደረባቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት በተለይ ቀልቤን ሳበው። 46 የኮሌጅ ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ምሽቶች በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ያህል እንዲጽፉ ተደረገ፤ ገሚሶቹ ስለ ተራ ነገር፣ ገሚሶቹ ስለ ደረሰባቸው ከባድ መከራ። መከራቸውን ከነስሜቱ የጻፉት በጽሕፈቱ ማግሥት ይበልጥ ተከፍተው ታዩ፤ በተከታዮቹ ስድስት ወራት ግን ወደ ሐኪም የሄዱባቸው ቀናት ከሌሎቹ ያነሱ ሆኑ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ፈገግታ ነው። አያቴ ብትሰማ ኖሮ «ይህንን ለማወቅ ነው ይህን ሁሉ የተማሩት?» ባለች ነበር። ቀጥሎ የመጣብኝ ሐሳብ ግን ፈገግ የሚያሰኝ አልነበረም። ይህን ጥበብ ከማንም ቀድሞ የሚያውቅ አገር ልጅ የሆነች እናቴ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዴት ሳትታከምበት ቀረች?

በደጋው አገራችን ሰው ሲሞት ከሐዘንተኛው ቀድሞ የሚፈለገው አልቃሽ ነው፤ በአንዳንድ ስፍራ አስለቃሽ ወይም ሙሾ አውራጅ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። ሥራዋ፣ ስሟ እንደሚያመለክተው፣ ማልቀስ ብቻ እንዳይመስለን። ለቅሶ ቤት እንደ ደረሰች ጠጋ ብላ ትጠይቃለች፦ ሟቹ የማን ዘር ነው? ምን ይወድ ነበር? ማንን ትቶ ሄደ? ከማን ተጣልቶ ሳይታረቅ ቀረ? መልሱን በልቧ ታኖረውና ከክቡ መካከል ትቆማለች። የሟቹ ልብስ፣ ወንድ ከሆነም ጠመንጃው፣ በኋላው ዘመን ደግሞ ፎቶግራፉ በእጇ ይያዛል። ከዚያ ቤት የሚመታ ስንኝ ታወርዳለች፤ ሕዝቡ በ«ዋይ» ይቀበላታል፣ ደረቱንም እየመታ ልኩን ይጠብቅላታል።

ልጅ ሆኜ ከአያቴ ጋር በየለቅሶው ስዞር ያየሁትን አሁን ሳስበው፣ የጥበቡ ዋና ነገር በሁለት ስፍራ ይገኛል እላለሁ። አንደኛ፣ አልቃሿ ለሟቹ የምትናገረው በ«አንተ» ነው። «ደግ ሰው ነበር» አትልም፤ «ለምን ተነሥተህ እንግዶችህን አትቀበልም?» ብላ ትወቅሰዋለች። ሰው ለሞተበት ሰው ገና ያልጨረሰው ነገር አለው፤ ነገሩም ጥያቄና ወቀሳ የተቀላቀለበት ነው። ሁለተኛ፣ በየተራ በሐዘንተኛው አፍ ትናገራለች፦ እናቱ እንዲህ ትልሃለች፣ ወንድምህ እንዲህ ይልሃል፣ እያለች። ሐዘኑ ያደረቀው፣ ከጥግ ቁጭ ብሎ የሚያፈጥ ሰው ካለ ዓይኗን እሱ ላይ ጥላ እስኪያነባ ድረስ አትለቀውም። አያቴ ይህን ዓይነቱን ሰው «ውሃው የታገደበት» ትለው ነበር።

ሙሾው ልክ እንዳለው ሁሉ ማብቂያም አለው። ሽማግሎች ተነሥተው «ይብቃ» ይላሉ፤ ሐዘንተኛው ፊቱን ይታጠባል፤ ንፍሮ ይቀርባል፤ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል። በሠልስቱ፣ በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቱ ሐዘኑ ቀጠሮ ተሰጥቶት ይመለሳል። ዕድር የሚባለውም ማኅበር ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ይዞ በሐዘንተኛው ደጅ የሚቆመው ይኸው ሥርዓት እንዳይጓደል ነው።

ቤተ ክርስቲያን ግን ሙሾን ወዳው አታውቅም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ተስፋ እንደሌላቸው ሆነው እንዳያዝኑ የመከራቸውን እየጠቀሱ ካህናቱ ደረት መድቃትን፣ ፊት መንጨትን፣ ፀጉር መላጨትን ሲያወግዙ ኖረዋል። እውነት ለመናገር ሌላም እንከን አለበት። በደም በሚፈላለግ አገር ብልህ አልቃሽ ወንዶቹን በስንኝ ወግታ ለበቀል ታስነሣ ነበር፤ አንዱን ቤት ያሻረ ሙሾ ለሌላው ቤት ሬሳ ጠርቶ የተመለሰበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ፈውስ ብቻ አድርገው የሚያወሱትን ሰዎች ስሰማ ይህን ማስታወስ እወዳለሁ።

ይኸው ኃይሉ ነው ሙሾን ለታሪክም ያቆየን። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የወረደላቸው ለቅሶ ከመኳንንቱ ዜና መዋዕል ይልቅ በሕዝቡ አፍ ዘልቋል። የውጭ አገር ሊቃውንትም ይህን ሀብት ያውቁ ነበር፤ ጣልያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ የአማርኛ ሕዝባዊ ዘፈኖችን ሰብስቦ በ1916 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ኋላ ራሱ ቼሩሊ በጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ አስተዳደር ከፍተኛ ሹም ለመሆን በቃ። ያ አስተዳደር የግጥምን ነገር እንዴት ይመለከተው እንደ ነበር የምናውቀው ደግሞ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ነው። ማርሻል ግራዚያኒ በመጋቢት ወር ተራኪ ዘፋኞች፣ ጠንቋዮችና አዋቂዎች እየታደኑ እንዲገደሉ አዘዘ። ሬሳ ከየመንገዱ ባልተነሣበት ከተማ፣ ወሬና ዜማ ይዞ ከአገር አገር የሚዞር ድኻ ሰው መትረየስ ከያዘ አርበኛ እኩል አስፈርቶት ነበር ማለት ነው።

አርባ ዓመት አለፈ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች በሕዝብ ፊት ከሰከሱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለዚህ መጽሐፍ አንባቢ ማስተማር አያስፈልገኝም፤ ከእኛ መካከል በቤቱ አንድ ወንበር ባዶ ያልቀረበት ማን ነው? የማነሣው አንዱን ነገር ብቻ ነው። ቀይ ሽብር ሲወሳ ስለ ጥይቱ፣ ስለ ውስጥ እግር ግርፋቱ፣ በደረቱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት በየመንገዱ ስለ ተጣለው ሬሳ፣ ልጃቸውን ለመቅበር የጥይት ዋጋ ስለ ተጠየቁ ወላጆች ብዙ ተጽፏል። ለቅሶ ስለ መከልከሉ ግን እንደ ዋዛ በአንድ መስመር ይታለፋል። ድንኳን መትከል፣ ጥቁር መልበስ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማልቀስ ከ«ፀረ አብዮተኛ» ጋር መተባበር ተብሎ የሚያስጠይቅ ሆነ። ጎረቤት እዝን ይዞ መምጣት ፈራ። አልቃሽ አፏን ዘጋች። ገዳዮቹ ይህን ሲያደርጉ ምን ያህል አስበውበት እንደ ሆነ አላውቅም፤ ነገር ግን ሰው የሚሽርበትን መንገድ ለይተው ከዘጉት እንኳ ከዚህ የተሻለ ሊመርጡ ባልቻሉ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ በታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. ሲገደል 19 ዓመቱ ነበር። እኔ 11። ከቤት የወሰዱት ማታ ነው፤ አባቴ በሦስተኛው ቀን ሬሳውን በመንገድ ዳር ካዩ ሰዎች ሰማ፤ ሄዶ ሲደርስ ተነሥቷል። የት እንደ ተቀበረ እስከ ዛሬ አናውቅም። አባቴ ተመልሶ መጥቶ ባርኔጣውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠ፣ ምንም ቃል አልተናገረም፤ እናቴም መናገር አላስፈለጋትም። ወደ ማድቤት ገባች። ተከትያት ስሄድ ነጠላዋን ጠቅልላ በአፏ ውስጥ ሞልታ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ግንባሯን ከመሬት ጋር ታማታዋለች። ድምፅ የለም። ከጉሮሮዋ የሚወጣው ነገር ድምፅ ሊባል አይችልም።

ወዲያው የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። በሠፈራችን የሚታወቅ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል።

«እናትሽ እያለቀሰች ነው?» አለኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ሽንኩርት እየከተፈች ነው» አልኩት።

ለአፍታ ካየኝ በኋላ ሄደ። አባቴ ከውስጥ ሰምቶ ኖሮ፣ ስመለስ ራሴን ዳበሰኝና «ጎበዝ» አለኝ። በዚያ ቀን ከአፉ የወጣው ብቸኛ ቃል ያ ነበር።

ነገር ግን የታገደ ውሃ መውጫ መፈለጉ አይቀርም። በእስር ቤቶቹ ውስጥ እንኳ ሰው መተንፈሻ አበጅቷል። ባለቅኔው ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን በማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መለሰው፤ የወረቀቱ ብዛት ወደ 3,000 እንደሚደርስ ተነግሯል። የተተረጎመው ለእስረኛው ይነበባል፤ ከዚያም ከሚፈቱት ጋር እየተሸሸገ ይወጣል። ውሎ አድሮ ነገም ሌላ ቀን ነው በሚል ርእስ ታተመ። በጥይትና በግርፋት መካከል ተቀምጠው ስለ አትላንታ መቃጠልና ስለ አንዲት ግትር ሴት ፍቅር የሚያዳምጡትን ወጣቶች ሳስብ፣ አንዳንድ ሰው «ቅንጦት» ሲለው የሰማሁትን ያንን መጽሐፍ ሌላ ስም እሰጠዋለሁ። የራሳቸውን ሙታን ማልቀስ የተከለከሉ ሰዎች በሰው አገር ሙታን ላይ ያለቅሱ ነበር።

እናቴ ግን መጽሐፍ አታነብም። የማድቤቱ ነገር በማድቤት ቀረ። ጥቁር አልለበሰችም፤ የወንድሜ ፎቶግራፍ በሣጥን ውስጥ፣ ከጋቢ ሥር ገባ፤ ስሙም ከቤታችን ወጣ። ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ብዙ ቤተሰብ ለቅሶውን እንደ አዲስ ተቀመጠ። የጅምላ መቃብሮች ተከፈቱ፤ በ1986 ዓ.ም. ግድም ከአርጀንቲና የመጡ የአጽም መርማሪዎች፣ በገዛ አገራቸው በወታደሮች የተሰወሩትን ወጣቶች አጽም ሲለቅሙ የተማሩትን ጥበብ ይዘው ረዱ። የደርግ ባለሥልጣናት ክርክር በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ውሳኔ ተሰጠ። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ፤ አጽሙ፣ ልብሱና የሟቾቹ ፎቶግራፍ በመስተዋት ውስጥ ተቀምጧል። አባቴ ግን ይህን ሁሉ ሳያይ አረፈ። ከእኛ ዘንድ የሚለይ አጽም ስላልተገኘ፣ እናቴም «ሳላየው ምን ብዬ እቀመጣለሁ?» ስላለች፣ ለቅሶው ሳይነሣ እሷን ወደዚህ አመጣኋት።

በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች የራሳችንን የመርዶ ሥርዓት እንዳበጀን አንባቢ ያውቃል። አገር ቤት ሰው ሲሞት ለባለቤቱ በቀጥታ አይነገርም፤ ስልኩ ወደ ወዳጅ ይደወላል። ወዳጅ ወዳጁን ያሰባስባል፤ ገሚሱ ዳቦና ሻይ፣ ገሚሱ ድስት ሙሉ ወጥ ይሠራል፤ ንጋት ላይ፣ ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ ደጁ ይንኳኳል። በሩን ከፍቶ አሥር ሰው ቆሞ ያየ ስደተኛ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

በየካቲት 2000 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ማለዳ እንዲህ ባለው ሁኔታ ለአንዲት ጎረቤታችን የእናቷን ሞት ልናረዳ ሄድን። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ብቻ ያለው አፓርታማ ነበር። ወንዶቹ አንዱን ክፍል ያዙ፤ ሴቶቹ በሌላው ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ከመካከላችን አንዲት የጎጃም ተወላጅ እናት ነበሩ። በአዘቦቱ ሆቴል ውስጥ መኝታ ቤት ያጸዳሉ፤ ለቅሶ ሲገኝ ደግሞ ከልጅነታቸው የያዙትን ሙያ ያነሣሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ለሟቿ ልጅ ጆሮ የተለመደውን ጥያቄያቸውን ሹክ አሉ። ከዚያ ጀመሩ። ጎረቤቶቻችን እንዳይረበሹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ ሙሾ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ብዙ ርቀት አይሄድም።

ጥቂት እንደ ቆዩ፣ እንደ ሥርዓቱ፣ ወደ ተቀመጠው ሰው ዞሩ። የአንዷን ባል አነሡ፤ የአንዷን እኅት አነሡ። እናቴ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ስለ እኛ ምን ያህል ያውቁ እንደ ነበር አልጠየቅኋቸውም፤ ዕድሜዋን አይተው ገምተው ይሆናል። «አንቺስ እመቤት፣ የማን ዕዳ አለብሽ?» በሚል ነገር አንድ ስንኝ ጣል አደረጉባት።

እናቴ ተነሣች። እኔ ልብሷን ያዝኩ። እጄን በቀስታ አላቃ መካከል ገባች፤ የወንድሜንም ስም ጠራች። ሠላሳ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖት ነበር።

ያወረደችውን ስንኝ እዚህ አላሰፍረውም፤ የእሷና የእሱ ነው። ነገሩን ብቻ ልናገር። ማታ ሲወስዱት በለበሰው ሸሚዝ ላይ አንድ ቁልፍ እንደ ጎደለ፣ «ነገ እተክልልሃለሁ» እንዳለችው ነገረችው። ቁመቱ ስለ ረዘመ እግሩ ከአልጋው ያልፍ ነበርና፣ በጠባቡ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን የት አድርገው እንዳስተኙት ጠየቀችው። ሳይነግራት ወደ ስብሰባ የሄደባቸውን ማታዎች አንድ በአንድ ወቀሰችው። እኔ እናቴ ግጥም እንደምታውቅ አላውቅም ነበር። ቤት አልሳተችም። አልቃሿ እናት ዝም ብለው ወደ ኋላ ሸሸት አሉና ከተቀባዮቹ አንዷ ሆኑ፤ በማዶ ክፍል የነበሩት ወንዶች ጸጥ አሉ። ድምፁ ከዚያ በኋላ ዝቅ የሚል አልሆነም።

በሩ ተንኳኳ። ለበሩ የቀረብኩት እኔ ነበርኩና ከፈትኩ። ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል፤ ከታች ፎቅ ሰው ደውሎ ኖሯል። ትልቁ በትሕትና፣ ሰው ተጎድቶ እንደ ሆነ፣ የምታለቅሰውም ማን እንደ ሆነች ጠየቀኝ።

«እናቴ ናት። ልጇ ሞቶባት ነው» አልኩት።

«አዝናለሁ። መቼ?»

«በ1977» አልኩት፣ በእነርሱ አቆጣጠር። በእንግሊዝኛ የተናገርኩትን ዓመት የሰማ መስሎት ያልሰማ ይመስል እንደገና ጠየቀኝ፤ ደገምኩለት። ባርኔጣውን አውልቆ ለጥቂት ጊዜ ቆመ። ከዚያ «ጊዜ ውሰዱ» ብሎኝ ጓደኛውን ይዞ ወረደ።

አንድ ሽማግሌ ከወንዶቹ ክፍል መጥተው «ይበቃል፣ እኅታለም፣ ይበቃል» እስኪሉ ድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሄደ። ውሃ አመጡላት። ፊቷን ታጠበች። የቤቱ ባለቤት፣ የእናቷ መርዶ ዛሬ የተነገራት ሴት፣ ንፍሮውን በእጇ ዘግና ያቀረበችው መጀመሪያ ለእናቴ ነበር።

ከዚህ በኋላ እናቴ ፈጽማ ዳነች ብዬ ብጽፍ ታሪኩ ያምራል፤ እውነት ግን አይሆንም። ውጋቱ በመጸውና በክረምቱ እየተመላለሰ ቆይቷል፤ ኪኒኑንም አልተወችም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። በማግሥቱ እሑድ እስከ ረፋዱ ተኛች። ተነሥታም ሣጥኗን አስከፈተችኝና ፎቶግራፉን አውጥታ፣ መስተዋት ያለው ክፈፍ እንድገዛላት አዘዘችኝ። ጥቁርም አንድ ዓመት ሙሉ ለበሰች። ስሙ ወደ ቤታችን ተመለሰ፤ የልጄን አለባበስ ስታይ «አጎትሽም እንዲሁ ዝርክርክ ነበር» ማለት ጀመረች።

ያ ለቅሶ ያላሻረው ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያላለቀስኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አልቃሿ እናትም አይተውኛል፤ ስንለያይ ትከሻዬን ይዘው «አንቺ ደግሞ ገና ነሽ» አሉኝ። እንግዲህ ሙሾ የማውረድ ስጦታ የለኝም፤ ብዕር ግን መያዝ አውቃለሁ። የእነዚያን 46 ተማሪዎች ነገር አስታውሼ ለአራት ምሽቶች፣ በየምሽቱ 15 ደቂቃ፣ ለመጻፍ ቆረጥኩ። የመጀመሪያውን ምሽት በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ሳነበው የጥገኝነት ማመልከቻ ይመስል ነበር፤ ቀን፣ ቦታ፣ የበደሉ ዓይነት። ሁለተኛውም ከዚያ አልተሻለም። በሦስተኛው ወደ አማርኛ ዞርኩ፤ ዓረፍተ ነገሩም ሳላስበው «አንተ» ብሎ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሰዓት አልቆጠርኩም።

ያገኘሁት ነገር የጠበቅሁት አልነበረም። ሐዘን ይወጣል ብዬ ስጠብቅ በመጀመሪያ የወጣው ኩራት ነው። ያቺ የሽንኩርት ውሸት በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራባት ሥራዬ ነበረች፤ አባቴ «ጎበዝ» ያለኝ በእሷ ነዋ። ከኩራቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ተኝቶ ነበር። የእናቴ ፊት በተለወጠ ቁጥር ሬድዮ የምከፍተው፣ ወሬ የምቀይረው፣ «ተይ እማዬ፣ ይህን አታንሺ» የምለው እኔ ነበርኩ። የቀበሌው ሰው ከደጃፋችን ከሄደ በኋላ ጥበቃውን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቀጠልኩት እኔ ነኝ። በዚያ የሥዕል ጉባኤም እናቴ ፊደል ልታስቆጥሪኝ ነው ወይ ስትለኝ «በማሰብ ላይ ናት» ማለቴ ያው ነበር።

በአራተኛው ምሽት አለቀስኩ። እንዴት እንደ ነበር መናገር አያስፈልግም።

ለዚያች ልጅ እግር መሪ በኋላ ደብዳቤ ጽፌላታለሁ፤ ለቅሶአችን እንዴት እንደሚሠራ በሁለት ገጽ አስረዳኋት። መልሷ የሚገርም ነው። በሚቀጥለው ጉባኤ ወረቀቱንና እርሳሱን ወደ ጎን ትታ፣ እያንዳንዷ ሴት በአገሯ ለሙት የሚባለውን በገዛ ቋንቋዋ እንድትል እንደ ጠየቀች፣ አንዲት የቦስኒያ ተወላጅና አንዲት ካምቦዲያዊት ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን እንደ ከፈቱ ጻፈችልኝ። የተናገሩትን አልተረዳሁም፤ እንዲተረጎምልኝም አልጠየቅሁም ትላለች። ሙያዋን ያኔ ይበልጥ አከበርኩት።

የጻፍኩትን ወረቀት ለእናቴ አነበብኩላት። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡናው እየፈላ ነው። ፎቶግራፉ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። የግቢው በር ከተንኳኳበት፣ የቀበሌው ሰው ከቆመበት፣ እኔም ስለ ሽንኩርቱ ከተናገርኩበት ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። ቀና ብዬ ባያት ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነበር።

«ሰምቼሽ ነበር እኮ» አለችኝ። «ማድቤቱ ቅርብ አይደለም እንዴ? የዚያን ሳምንት ግን በቤታችን ሽንኩርት አልነበረም። ጾም ስለ ነበር የገዛሁትን ሁሉ ጨርሼው ነበር። ሰውየው ገብቶ ቢፈልግ ምን ልትዪው ነበር?»